በኪሳራ የሚሸጥ መሣሪያ ለምን ይወደዳል? የጌም ኮንሶል ዋጋ ከፋብሪካ እስከ ኮዬ ፈጬ

እ.ኤ.አ. 2025 በጌም መሣሪያ ገበያ ያልተለመደ ዓመት ነበር። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስን የአሜሪካ ዋጋ በሜይና በኦክቶበር ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ 499.99 ዶላር የነበረው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ መጀመሪያ 599.99፣ ቀጥሎም 649.99 ዶላር ገባ። ሶኒ በኦገስት በፕሌይስቴሽን 5 ላይ 50 ዶላር ጨምሮ ዲስክ ማጫወቻ ያለውን ሞዴል 549.99 ዶላር አደረሰው። ኒንቴንዶም በዚያው ወር ከስምንት ዓመት በላይ በገበያ የቆየውን የመጀመሪያውን ስዊች ሳይቀር በአሜሪካ አስወደደው። ከቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ ጌም የሚያጫውተው ይህ መሣሪያ፣ ማለትም ኮንሶል፣ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የታወቀው ዕድሜው በገፋ ቁጥር በመርከስ ስለነበር ዜናው ብዙዎችን ግራ አጋብቷል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት፣ ጉዳዩ ከመዝናኛ ወሬ ያለፈ ክብደት አለው። በእነዚህ ሰፈሮች ኮንሶል በአብዛኛው የንግድ ዕቃ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ምድር ቤትና በመንገድ ዳር የቆርቆሮ ክፍሎች የተከፈቱት ጌም ቤቶች ደንበኛን በጨዋታ ወይም በሰዓት እያስከፈሉ የሚተዳደሩት በእሱ ነው። ስለ ዋጋው የሚደረገው ንግግር ግን እርስ በርስ የሚጣረሱ ሁለት አባባሎችን ይዞ ይዞራል። አንደኛው «ኩባንያዎቹ መሣሪያውን በኪሳራ ነው የሚሸጡት፤ እዚህ የሚወደደው መሀል ላይ ያለው ነጋዴ ስለሚበላው ነው» ይላል። ሁለተኛው «የምን ኪሳራ? ከስሮ የሚሸጥ ነጋዴ የት ይገኛል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ኪሳራው በእርግጥ የነበረና ከሞላ ጎደል በአኃዝ የሚታወቅ መሆኑን ይስታል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ያ ኪሳራ ለየትኛው ገዢ ተብሎ እንደሚደረግ አይጠይቅም። የድጎማው ምንጭና መመለሻ መንገዱ ከታየ በኋላ፣ የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋ በመካከለኛው ነጋዴ ስግብግብነት ብቻ የሚብራራ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

የትኛው ኪሳራ?

ስለ ኮንሶል ኪሳራ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት የመደርደሪያ ዋጋውና የአካላት ወጪው ናቸው። የአካላት ወጪ ማለት ዋናው ቺፕ፣ ሜሞሪው፣ ማከማቻው፣ ማቀዝቀዣው፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ሳጥኑና ጆይስቲኩ ተደምረው የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ መገጣጠሚያው አንዳንዴ ይታከልበታል። ከዚህ ውጭ ማጓጓዣ፣ የቸርቻሪው ድርሻ፣ ማስታወቂያና ለዓመታት የፈሰሰው የምርምር ወጪ አለ። ስለሆነም የአካላት ወጪው ከመሸጫ ዋጋው ጋር እኩል የሆነ መሣሪያ ሲሸጥ አምራቹ ከስሯል ማለት ነው፤ «ወጪውን ሸፍኗል» የሚሉ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ ይህን አይነግሩንም።

ስለ ኪሳራው መጠን ደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ ፕሌይስቴሽን 3 ነው። በኖቬምበር 2006 ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ባለ 60 ጊጋባይቱ ሞዴል 599 ዶላር ይሸጥ ነበር። በጊዜው መሣሪያውን ፈታትቶ ያጠናው አይሰፕላይ የተባለው የገበያ ጥናት ኩባንያ የአካላትና የመገጣጠሚያ ወጪውን 840 ዶላር ገደማ አድርጎ ገመተ። ማጓጓዣውና የቸርቻሪው ድርሻ ሳይነሣ በእያንዳንዱ ላይ ከ240 ዶላር በላይ ይጎድል ነበር ማለት ነው። ወጪውን ካናሩት መካከል ሴል የተባለው አዲስ ቺፕና ብሉሬይ የተባለው የፊልም ዲስክ ማጫወቻ ነበሩ። ብሉሬይ በዚያን ጊዜ ኤችዲ ዲቪዲ ከተባለው ተፎካካሪ ጋር እየታገለ ስለነበር፣ ሶኒ በኮንሶሉ በኩል ማጫወቻውን በሚሊዮኖች ቤት ማስገባቱ ለሌላው ንግዱም ይጠቅመው ነበር፤ ተፎካካሪው በ2008 መጀመሪያ ከሜዳው ወጣ። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ከጌም ሽያጭ ጋር ብቻ አስተያይቶ «ስህተት ነበር» ወይም «ብልኅነት ነበር» ማለት ይከብዳል።

ማይክሮሶፍትን በተመለከተ ከግምት ያለፈ ማስረጃ አለ። በሜይ 2021፣ ኤፒክ የተባለው የጌም ኩባንያ አፕልን በከሰሰበት ችሎት፣ ከኤክስቦክስ ኃላፊዎች አንዷ የሆኑት ሎሪ ራይት ኩባንያቸው ከኮንሶል ሽያጭ አንድም ጊዜ ትርፍ አግኝቶ እንደማያውቅ በምስክርነት ቃላቸው ተናግረዋል።

ይህ ማለት ግን ኮንሶል ሁልጊዜ በኪሳራ ይሸጣል ማለት አይደለም። ኒንቴንዶ በ2006 በ249.99 ዶላር ያቀረበው ዊ የቆየ ቴክኖሎጂ ይጠቀም ስለነበር ከመጀመሪያው አንሥቶ ያተርፍ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 በ499 ዶላር ሲወጣ በኪሳራ ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ ዓመት ሳይሞላው በኦገስት 2021 ሶኒ ይኸው ሞዴል ከኪሳራ መውጣቱን አስታውቋል። ኪሳራው በአብዛኛው የልጅነት ዘመን ወጪ ነው፤ አካላቱ ሲረክሱ ይጠብባል፣ ከዚያም ይጠፋል።

ድጎማ የሌለው ኮንሶል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ 1993 መመለስ ይበቃል። ስሪ ዲ ኦ የተባለው ኩባንያ መሣሪያውን ራሱ አያመርትም ነበር፤ ንድፉን ለፓናሶኒክና ለሌሎች አምራቾች በፈቃድ ይሰጥ ነበር። ከጌሙ የሚገኘው ክፍያ የባለንድፉ ስለሆነ አምራቾቹ ትርፋቸውን ከመሣሪያው ላይ ማግኘት ነበረባቸው። ዋጋው 699.99 ዶላር ሆነ፤ ገበያውም ሸሸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጌሙንም መሣሪያውንም በአንድ እጅ የያዘው ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በ299 ዶላር ይዞ መጣ። በእኔ እይታ የድጎማን ምንነት ከማንኛውም ቀመር በላይ የሚያስረዳው ይህ ልዩነት ነው።

ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ

ኮንሶል የኢኮኖሚ ባለሙያዎች «ባለሁለት ወገን ገበያ» ከሚሉት ዓይነት ነው። በአንድ ወገን ተጫዋቾች፣ በሌላው ወገን ጌም የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ የኮንሶሉ ባለቤት መሀል ቆሞ ያገናኛቸዋል። ተጫዋች በሌለበት መሣሪያ ላይ ጌም የሚሠራ የለም፤ ጌም የሌለውን መሣሪያም የሚገዛ የለም። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ባለቤቱ ዋጋ ሲጨምር ቶሎ ለሚሸሸው ወገን፣ ማለትም ለተጫዋቹ፣ መግቢያውን አርክሶ ከሌላው ወገን ይሰበስባል። ዘር አበድሮ በመኸር ከምርቱ እንደሚካፈል ባለመሬት፣ ኩባንያውም ቀድሞ የሚያወጣው በኋላ የሚሰበስበውን አስልቶ ነው።

መሰብሰቢያው በዋናነት ኮሚሽን ነው። በኩባንያው የኢንተርኔት መደብር ከሚሸጥ ጌም የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ስለሆነ፣ 70 ዶላር የሚሸጥ ጌም ለመደብሩ ባለቤት 21 ዶላር ያስገባል። አንድ ኮንሶል በ100 ዶላር ኪሳራ ተሸጠ ብንል፣ ገዢው እንዲህ ያሉ አምስት ጌሞች ሲገዛ ጉድለቱ ይሞላል፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ያለው ትርፍ ነው። በዚህ ላይ የደንበኝነት ክፍያ አለ። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት የሚያስፈልገው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ዝቅተኛ ደረጃ በ2023 ከ59.99 ወደ 79.99 ዶላር በዓመት አድጓል። የማይክሮሶፍት ጌም ፓስ አልቲሜት በኦክቶበር 2025 ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር በወር ከፍ ብሏል። ይህ የሆነው የኤክስቦክስ መሣሪያ ለሁለተኛ ጊዜ በተወደደበት ሳምንት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ መግቢያውንም መኸሩንም ባንድ ጊዜ ማስወደድ ከአሮጌው ስሌት ያፈነገጠ አካሄድ ነው።

በዚህ አሠራር ላይ ሁለት አመለካከቶች ይፋለማሉ። የኤፒክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ስዊኒ የአፕልን 30 በመቶ በፍርድ ቤት ሲሞግቱ፣ የኮንሶሎቹን 30 በመቶ ግን መሣሪያው በድጎማ የሚሸጥ በመሆኑ የተለየ ነው ብለው ሲከራከሩ ቆይተዋል። በሌላ በኩል በ2022 በእንግሊዝ በሶኒ ላይ እስከ 5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ካሣ የሚጠይቅ ክስ በተጠቃሚዎች ስም ቀርቧል፤ የክሱ ፍሬ ነገር ሶኒ በመደብሩ ላይ ያለውን ብቸኛ ሥልጣን ተጠቅሞ ከጌም ገዢዎች ከልክ በላይ አስከፍሏል የሚል ነው። ሁለቱም ወገን የራሱ እውነት አለው። ኪሳራው ባለበት ዘመን ኮሚሽኑ የብድር መመለሻ ነው ማለት ይቻላል፤ መሣሪያው ራሱ ማትረፍ ከጀመረ በኋላ ግን ኮሚሽኑ አለመቀነሱን በድጎማ ማስረዳት ይቸግራል።

ጌም የማይገዛ ገዢ

ለዚህ አሠራር ትልቁ ሥጋት መሣሪያውን ወስዶ ጌም የማይገዛ ሰው ነው። ታሪኩ የሚታወቅ አንድ እንዲህ ያለ ገዢ ሰው ሳይሆን የአሜሪካ አየር ኃይል ነው። የአየር ኃይሉ የምርምር ተቋም ከፕሌይስቴሽን 3 ዋጋ ጋር የሚወዳደር የማስላት ኃይል በገበያ ስላላገኘ 1,760 ኮንሶሎችን አገናኝቶ በ2010 ኮንዶር የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ሠራ። ሶኒ በፊናው በዚያው ዓመት በኤፕሪል 1 ባወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ በመሣሪያው ላይ ሊኑክስን፣ ማለትም ኮንሶሉን እንደ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ሥርዓተ ክወና፣ መጫን የሚያስችለውን ክፍል አጠፋው፤ የሰጠው ምክንያት ደኅንነት ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ድጎማ ያለበት መሣሪያ ተዘግቶ የሚሸጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ሥጋት ከርካሽ አገር ገዝቶ በውድ አገር መሸጥ ነው። የየን ዋጋ በመድከሙ ጃፓን ውስጥ የሚሸጡ ኮንሶሎች ወደ ሌሎች አገሮች መፍሰስ ጀምረው ነበር። ኒንቴንዶ በጁን 2025 ስዊች 2ን ሲያወጣ ለጃፓን ሁለት ዓይነት አዘጋጀ፤ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራውና የጃፓን አካውንት ብቻ የሚቀበለው 49,980 የን ሲሆን፣ በሌሎች ቋንቋዎችም የሚሠራው 69,980 የን ነበር። ሶኒም በኖቬምበር ተመሳሳይ ነገር አደረገ፤ ለጃፓንኛ ብቻ የተዘጋጀ፣ ዲስክ ማጫወቻ የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 በ55,000 የን አቀረበ። የ20,000 የኑ ልዩነት፣ ማለትም 130 ዶላር ገደማ፣ የቋንቋ ፋይል ዋጋ ሊሆን አይችልም። ድጎማው የተመደበለትን ገዢ ለይቶ እንዲያገኝ፣ በሻንጣ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄድ የተሠራ አጥር ነው። ከዱባይ ገበያ ርካሽ ኮንሶል ፈልጎ የሚያመጣ ነጋዴም የጃፓኑን ዓይነት ሳያጣራ ቢገዛ እዚህ የሚፈልገው ደንበኛ አያገኝም።

መሣሪያው ለምን አልረከሰም?

ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 በአሜሪካ በ299 ዶላር ወጣ፤ በ2002 ወደ 199፣ በ2004 ወደ 149፣ በ2006 ወደ 129፣ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። መውረዱን ያመጣው ቺፑ በየጥቂት ዓመቱ እያነሰ መምጣቱ ነው፤ ቺፑ ሲያንስ ከአንድ የሲሊከን ገበታ ብዙ ይወጣል፣ ኤሌክትሪክ የሚፈጀው ይቀንሳል፣ ማቀዝቀዣውና ሳጥኑም አብረው ያንሳሉ። ዛሬ ይህ መንገድ ጠቧል። የፕሌይስቴሽን 5 ቺፕ በ2022 ከ7 ናኖሜትር ወደ 6 ናኖሜትር ሲሸጋገር በመደርደሪያው ዋጋ ላይ ቅናሽ አልመጣም፤ እንዲያውም በዚያው ዓመት በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ዋጋው ጨመረ። አዳዲሶቹ የቺፕ ማምረቻ ደረጃዎች በጣም ውድ በመሆናቸው መጠኑ ቢያንስም ወጪው በዚያው ልክ አይቀንስም። በ2025 በአሜሪካ የተጣለው አዲስ የገቢ ዕቃ ታሪፍ፣ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የዳታ ማዕከሎች የሜሞሪ ምርቱን መሻማታቸው ጫናውን አባብሰውታል።

እዚህ ላይ አንድ ማረሚያ ያስፈልጋል። የአሜሪካን የዋጋ ንረት ብናሰላ፣ የ2000ው 299 ዶላር በ2025 ገንዘብ 550 ዶላር አካባቢ ነው፤ በዚያው ዓመት ፕሌይስቴሽን 5 ከደረሰበት ዋጋ ጋር እኩል ማለት ነው። የፕሌይስቴሽን 3 599 ዶላር ደግሞ ከ950 ዶላር በላይ ይመጣል። ስለዚህ «እንዲህ ተወድዶ አያውቅም» የሚለው ትክክል አይደለም። አዲስ የሆነው ነገር መውረዱ መቅረቱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት በአምስተኛና በስድስተኛ ዓመቱ በግማሽ ዋጋ የሚገዛው ሰው ተራው ይደርሰው ነበር፤ አሁን ቀድሞ የገዛው ሰው ርካሹን አግኝቷል።

ከዶላር ወደ ብር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ስሌት 499.99 ዶላር የሆነ ኮንሶል 28,500 ብር ያህል ነው። ዶላሩን በ150 ብር፣ መሣሪያውን በ2025ቱ 549.99 ዶላር ብናሰላው ደግሞ 82,500 ብር ገደማ ይሆናል። በብር ሲታይ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል፤ ከዚህ ውስጥ ሶኒ የጨመረው የዶላር ዋጋውን 10 በመቶ ብቻ ነው፣ የቀረው የምንዛሪው ነው።

ሆኖም ይህ ስሌት እንዳለ ከተወሰደ ያሳስታል። ከተመኑ ለውጥ በፊት ለኮንሶል ብሎ በባንክ ዋጋ ዶላር የሚያገኝ ነጋዴ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ዕቃው በአመዛኙ በመንገደኛ ሻንጣ፣ ከውጭ በሚላክ ስጦታና ከትይዩ ገበያ በተገዛ ዶላር ይገባ ስለነበር የመርካቶና የመገናኛ ዋጋ ድሮም የሚከተለው ከባንኩ እጅግ የራቀውን የትይዩ ገበያ ተመን ነው። ስለዚህ በሱቅ የታየው ጭማሪ ከሦስት እጥፍ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ «ብር በመዳከሙ ብቻ ሦስት እጥፍ ሆነ» የሚለው አባባልም ትክክለኛነት ይጎድለዋል።

በመደበኛ መንገድ የሚገባ ዕቃ ላይ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 10 በመቶ ሱር ታክስና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። የተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ቀረጡ ከተደመረበት በኋላ ስለሆነ ግብሮቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ዶላሩ ሲወደድም የግብሩ መሠረት አብሮ ያድጋል። ነጋዴው የሚጨምረው ትርፍ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን የምለው ያ ትርፍ ትንሽ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ካሊፎርኒያ ወይም ቶኪዮ ላይ ከተመደበው ድጎማ ውስጥ ነጋዴው ሊበላው የሚችል ነገር እዚህ እምብዛም ስለማይደርስ ነው።

ለጌም ቤቱ የሚደርሰው

ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን መደብር በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። በመደብሩ መግዛት የሚፈልግ ሰው በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ፣ በዚያ አገር ገንዘብ የተሞላ የስጦታ ካርድ ከመካከለኛ ሰው መግዛት ይኖርበታል። ከዶላር ገቢ የራቀ ሰው ይህን ዘወትር ያደርጋል ተብሎ አይጠበቅም። ከኩባንያው ወገን ሲታይ፣ የአዲስ አበባ ዳርቻ የመኸር ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ስለሌለም ለዚህ ገበያ ተብሎ የሚረክስ መሣሪያ፣ የሚከፈት የዋስትና ጥገና ወይም የሚስተካከል የጌም ዋጋ የለም።

የጌም ቤቱ ሒሳብ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ባለቤቱ አንድ የእግር ኳስ ጌም በዲስክ ገዝቶ ለመቶዎች ያጫውታል፤ አንዳንዱም ሶፍትዌሩ የተከፈተ፣ ያለ ግዢ ጌም የሚጫንበት ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይጠቀማል። ሁለተኛው መንገድ የጌም ሠሪዎችን የባለቤትነት መብት የሚጥስ ከመሆኑ ሌላ በኢንተርኔት መጫወትና ማሻሻያ ማግኘት ይከለክላል። አሠራሩ ለኩባንያዎቹ ንጹሕ ኪሳራ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም መሣሪያው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ባለው የመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ ሳለ ሒሳቡን ከፍሎ ጨርሷል፤ እዚህ ሲደርስ የሚቀርበት ገቢ ቢኖር ከመጀመሪያውም ሊሰበሰብ የማይችለው ነው። ጌሙን የሠሩት ኩባንያዎች ቅሬታ ግን ከዚህ ይጠነክራል፤ እነሱ ከመሣሪያው ሽያጭ ያገኙት ነገር የለም።

ለጌም ቤቱ ወሳኙ ጥያቄ መሣሪያው ወጪውን በስንት ቀን ይመልሳል የሚለው ነው። ለስሌት ያህል፣ ከኪራይ፣ ከመብራትና ከጆይስቲክ ጥገና በኋላ አንድ መሣሪያ በቀን 400 ብር ያስገባል እንበል። በ80,000 ብር የተገዛ አዲስ ኮንሶል 200 ቀን ይወስዳል፤ በ30,000 ብር የተገዛ ያገለገለ መሣሪያ 75 ቀን ይበቃዋል። ደንበኛው የሚከፍለው ለኳሱ ስለሆነ ምስሉ በጠራ ቁጥር እጥፍ ማስከፈል አይቻልም። በብድር ወይም በዕቁብ ገንዘብ ለሚጀምር ወጣት ደግሞ በ75 እና በ200 ቀን መካከል ያለው ልዩነት ሥራውን የመጀመርና ያለመጀመር ያህል ነው።

ዲስክ ማጫወቻ የሌለው ርካሽ ሞዴል የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ዲስክ የሌለው 399፣ ዲስክ ያለው 499 ዶላር ነበር። ሶኒ በ2023 ማጫወቻውን ለብቻው በ79.99 ዶላር በችርቻሮ መሸጡን ስናይ፣ የ100 ዶላሩ ልዩነት ከክፍሉ ወጪ በላይ እንደነበር እንረዳለን። የተረፈው ድጎማ ነው፤ ዲስክ የሌለው ገዢ ያገለገለ ጌም መግዛት ወይም መዋዋስ ስለማይችል ጌሙን ሁሉ ከሶኒ መደብር ይገዛል፣ 30 በመቶውም የተረጋገጠ ይሆናል። መደብሩ በማይሠራበት አገር፣ በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ጌም በሞባይል ዳታ ማውረድ በሚጠይቅ ሰፈር፣ ይህ መሣሪያ ሲገዙት ረክሶ ሲጠቀሙበት የሚወደድ ነው።

ግብሩ ቢቀነስስ?

አንዳንዶች ጌም ቤት ለወጣቶች የሥራ ዕድል በመሆኑ ኮንሶል እንደ ማምረቻ መሣሪያ ታይቶ ቀረጡ ይቀነስ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መድኃኒትና ማዳበሪያ ለዶላር በሚሰለፉበት አገር ለመጫወቻ ዕቃ ማበረታቻ መስጠት የቅደም ተከተል ስህተት ነው ይላሉ፤ በትምህርት ቤት አካባቢ ስለሚከፈቱ ጌም ቤቶች የሚነሣው ቅሬታም አለ፣ ያ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከዋጋ አንጻር ብቻ ሲታይ የቀረጥ ቅናሹ ውጤት ከሚጠበቀው ያነሰ ይመስለኛል። ዕቃው በብዛት የሚገባው በሻንጣ ከሆነ በመደበኛው መንገድ ላይ ያለው ቅናሽ ብዙውን ገዢ አይነካውም፤ ሊያመጣ የሚችለው ለውጥ አስመጪዎችን ወደ መደበኛው መንገድ መሳብና ዋስትና ያለው ዕቃ እንዲኖር ማገዝ ነው።

የእግር ኳሱ ቀን መቁጠሪያ

የዳርቻው ጌም ቤት ዕጣ የሚወሰነው ግን ከቀረጡ ይልቅ በአንድ የጌም አሳታሚ ውሳኔ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው የመጨረሻው የፊፋ ጌም ፊፋ 14 ሲሆን የታተመው በ2013፣ መሣሪያው በወጣ በ13ኛ ዓመቱ ነው። ለፕሌይስቴሽን 3 የመጨረሻው ፊፋ 19 ነበር፤ እሱም በ2018፣ በ12ኛ ዓመቱ። ፕሌይስቴሽን 4 የወጣው በኖቬምበር 2013 ነው፤ ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ የቀየረው ይኸው ጌም በ2025 ባወጣው ኤፍ ሲ 26 ላይ ፕሌይስቴሽን 4ን አልተወም። ያለፈው ልማድ ከቀጠለ ማቆሚያው ሩቅ አይሆንም።

ቀደም ባሉት ሁለት ሽግግሮች ጌም ቤቶች የተሻገሩት በረከሰ መሣሪያ ነበር፤ ከፊፋ 19 በኋላ ጌሙ ለፕሌይስቴሽን 3 መውጣቱ ሲቆም ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ዋጋው አዲሱ ራሱ ወርዶ ስለነበር ተጎትቶ ወርዶ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ዋጋ ጣሪያው የአዲሱ ዋጋ ነው፤ አዲሱ ፕሌይስቴሽን 5 በአምስተኛ ዓመቱ ከወጣበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ያገለገለውን ወደ ታች የሚጎትተው ነገር አይኖርም። አንዳንድ ቤቶች በአሮጌው መሣሪያ ላይ የቡድኖቹን አሰላለፍ በእጅ እያደሱ ጥቂት ዓመታት ሊገፉ ይችላሉ። ካፒታል ያላቸው ቀድመው ተሻግረው የሰፈሩን ደንበኛ ይሰበስባሉ፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መሣሪያ ቤቶች ግን ያለ ሸሪክ መሻገር ይቸግራቸዋል። አሁን መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ የጌም ቤት ባለቤት ያገለገለም ቢሆን ዲስክ ማጫወቻ ያለውን ፕሌይስቴሽን 5 ሌላ ፕሌይስቴሽን 4 ከመጨመር ጋር ሲያወዳድር፣ በስሌቱ ውስጥ የዛሬውን የቀን ገቢ ብቻ ሳይሆን አዲሱ የኳስ ጌም በአሮጌው መሣሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ማስገባት ይኖርበታል።